የጋራ ኮምፒውተር ላይ የግል ነገርን መደበቅ፦ ከቴሌግራም እስከ ዲ ድራይቭ

ካዛንቺስ፣ ስታዲየም ዙሪያ፣ ሜክሲኮ፣ ብሔራዊ ጀርባ ባሉ ፎቆች ላይ የተከራዩ ትንንሽ ቢሮዎች የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። አንድ ዴስክቶፕ ለሦስትና ለአራት ሰው። ፒችትሪ የተጫነው እሱ ላይ ስለሆነ ሒሳብ ሠራተኛዋ ትፈልገዋለች። ፕሪንተሩ የተሰካው እሱ ላይ ስለሆነ ጸሐፊዋም ትፈልገዋለች። የተቀረው ሰው ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ቴሌግራም ሊያይበት ይፈልገዋል። ሲከፈት ፓስዎርድ አይጠይቅም። ከጠየቀም ቁጥሩ ሞኒተሩ ጥግ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል።

እዚያው ላይ የአንዱ ቴሌግራም፣ የሌላዋ ጂሜይል፣ የሦስተኛው ለሌላ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ሲቪ ተቀላቅሎ ተቀምጧል። ይህ ለሰው ዓይን እንዲጋለጥ የግድ ክፉ ሰው አያስፈልግም። ፕሮፎርማ ፍለጋ የገባ ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ያነባል፤ በቃ።

ከዚህ በታች ያለው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። አንዳንዱ ቁልፍ በሁለቱ ላይ ቦታው ትንሽ ይለያያል፣ ሥራው ግን አንድ ነው። በነገራችን ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ቢሮው ማሻሻል ከቻለ ያሻሽል።

መጀመሪያ፣ የምትደብቁት ከማን ነው?

ከሥራ ባልደረባ ከሆነ ይቻላል፤ ከባድም አይደለም። ከኮምፒውተሩ አድሚን ከሆነ ግን አትድከሙ። አድሚን የሆነ ሰው ፓስዎርዳችሁን መቀየር፣ ፎልደራችሁን በስሙ አዙሮ መክፈት፣ ስክሪናችሁን የሚከታተል ፕሮግራም መጫን ይችላል። ስለዚህ አለቃችሁ ቢያየው ጣጣ የሚያመጣባችሁን ነገር እዚያ ላይ ጭራሽ አትክፈቱ። ለእሱ ስልካችሁ አለላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ የእናንተ አይደለም። ደረሰኝና የደንበኛ ዝርዝር ፓስዎርድ ውስጥ ቆልፎ ቤት መሄድ ጠብ ከመፍጠር በቀር ምንም አይጠቅምም። እዚህ የምናወራው ስለ ቻታችሁ፣ ስለ ኢሜይላችሁና ስለ ግል ፋይላችሁ ነው።

ሕጉ ከጎናችሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ግን አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ቻቴን አነበበ ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ስንት ሰው ነው? ፓስዎርድ ይቀላል።

«ሂድን» ማድረግ መደበቅ አይደለም

አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ዘዴ ይኼ ነው። ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሂድን የሚለው ላይ ምልክት፣ ኦኬ። ፎልደሩ ይጠፋል። ደስ ይላል።

አሁን ቪው የሚለውን ክፈቱና ሂድን አይተምስ ላይ ምልክት አድርጉ። ዊንዶውስ 11 ላይ ከሆነ ቪው፣ ቀጥሎ ሾው፣ ቀጥሎ ሂድን አይተምስ ነው። ፎልደሩ ፈዘዝ ብሎ ተመልሶ ይመጣል። መፍዘዙ ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ዓይን ይስባል።

በእኛ ከተማ ይህ ዘዴ ጭራሽ አያዋጣም። ፍላሽ ላይ ያለውን ሁሉ ሂድን አድርጎ በቦታው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ ስንቱን አስለቅሷል። ፋይሉን ለማስመለስ ሲባል ሂድን ነገር ማውጣትን ጸሐፊውም ተላላኪውም ተምሯል። ብዙ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ምልክቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደበራ ነው። ሂድን መጋረጃ ነው እንጂ በር አይደለም። የፎልደሩን ስም «ኒው ፎልደር 3» ማለትም ያው ነው።

ዋናው ሥራ፦ የራሳችሁ አካውንት

እኔን ብትጠይቁኝ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። ቴሌግራምም ክሮምም መረጃቸውን የሚያስቀምጡት ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዩዘርስ ውስጥ፣ በአካውንቱ ስም በተከፈተው ፎልደር ሥር፣ አፕዳታ የሚባል ቦታ ነው። አካውንቱ የጋራ ከሆነ አፕዳታውም የጋራ ነው። አካውንቱ የራሳችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ ስታንዳርድ (አድሚን ያልሆነ) ተጠቃሚ ወደዚያ ለመግባት ሲሞክር ዊንዶውስ ራሱ ይከለክለዋል።

አድሚን የሆነውን ሰው ጠይቁና እንዲህ አድርጉ፦

1. ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ አዘር ዩዘርስ ውስጥ ግቡ። ዊንዶውስ 10 ላይ ፋሚሊ ኤንድ አዘር ዩዘርስ ይለዋል።
2. አካውንት ጨምር የሚለውን ተጫኑ። ኢሜይል ሲጠይቃችሁ የዚህ ሰው መግቢያ መረጃ የለኝም የሚለውን፣ ቀጥሎ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት የሚለውን ምረጡ።
3. ስምና ፓስዎርድ አስገቡ። ዓይነቱ ስታንዳርድ ዩዘር መሆኑን አረጋግጡ።
4. አካውንቱን የከፈተላችሁ ሌላ ሰው ከሆነ፣ መጀመሪያ ስትገቡ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊትን አንድ ላይ ተጭናችሁ ፓስዎርዱን ቀይሩ።

ሦስተኛው ላይ ሦስት የደኅንነት ጥያቄዎች ይመጣሉ። የት ከተማ ተወለድክ፣ በልጅነትህ ምን ብለው ይጠሩህ ነበር ዓይነት። ደሴ መወለዳችሁን ቢሮው ሙሉ ያውቃል። የቤት ስማችሁንም ምናልባት። ፓስዎርዱን ረሳሁ ብሎ በእነዚህ መልሶች መግባት ስለሚቻል እውነቱን አትመልሱ። ሌላ ሰው የማይገምተው ማንኛውም ቃል ይሁን፤ እናንተ ብቻ አስታውሱት።

«ፒችትሪ ይበላሻል» የሚል ተቃውሞ መምጣቱ አይቀርም። ለሁሉም ተጠቃሚ የተጫነ ፕሮግራም በአዲሱ አካውንትም ይከፈታል። የቆየ ፕሮግራም ስታንዳርድ አካውንት ላይ ሊያኮርፍ ግን ይችላል። ስለዚህ የድሮው አካውንት ለሒሳቡ ሥራ ይቆይ። እናንተ የራሳችሁን ጨምሩ እንጂ የማንንም አትንኩ። ያ የድሮው አካውንት አድሚን ከሆነ ግን፣ ፒችትሪው እስከሠራ ድረስ፣ አድሚኑ ወደ ስታንዳርድ ያውርደው፤ አለበለዚያ የተጠቀመበት ሁሉ አድሚን ነው። ከዚያ በፊት ሌላ አድሚን አካውንት መኖሩን አረጋግጡ፣ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ባለቤት አልባ ይሆናል።

ቴሌግራም በተለመደው መንገድ ሲጫን ለአንድ አካውንት ብቻ ነው። አዲሱ ላይ እንደገና መጫን አለባችሁ። የአማርኛ ኪቦርዱንም እንዲሁ እንደገና ጨምሩ።

መቆለፍ፣ እና የመብራት ነገር

አካውንት ከፍቶ ክፍት ትቶ ቡና ለመጠጣት መውጣት ምንም አይፈይድም። ከወንበር ስትነሱ የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤልን አንድ ላይ ተጫኑ። ልማድ እስኪሆን ድረስ ስክሪን ሴቨር ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ሦስት ደቂቃ አድርጉና ሲመለስ መግቢያ አሳይ የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ኖቲፊኬሽን ውስጥ ደግሞ ሎክ ስክሪን ላይ እንዳይታይ አጥፉት። አለበለዚያ በተቆለፈ ስክሪን ላይ የመልእክታችሁ ግማሽ ይነበባል።

መብራት ሲመጣ ሲሄድ የሚያስከትለው ነገር ግን ብዙ ሰው ያላሰበው ነው። በጋራው አካውንት ላይ አንድ ሰው ዎርድ ከፍቶ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ እየጻፈ ነው እንበል። መብራት ይሄዳል። ዩፒኤሱ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ድምፅ አሰምቶ እሱም ይጠፋል። ልጁ ምሳ ይወጣል። መብራት ይመጣል፣ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን አስነሥታ ማስታወሻ ለመጻፍ ዎርድን ትከፍታለች። በግራ በኩል ዶክመንት ሪከቨሪ የሚል ዝርዝር ብቅ ይላል። እዚያ ላይ የፋይሉ ስም አለ፣ የተቀመጠበት ሰዓት አለ፣ አንዴ ቢጫኑት ደብዳቤው ራሱ አለ።

ዎርድ ይህን የሚያደርገው በየጥቂት ደቂቃው በራሱ ቅጂ ስለሚያስቀምጥ ነው። የሚያስቀምጠውም እዚያው አፕዳታ ውስጥ ነው። ልጁ የራሱ አካውንት ቢኖረው ኖሮ ዝርዝሩ የሚታየው ለእሱ ብቻ ነበር። ከጋራው አካውንት መውጣት ካልቻላችሁ፣ መብራት ሲመለስ ሌላ ሰው ሳይቀድማችሁ ዎርድን ከፍታችሁ ፋይሉን ውሰዱ ወይም ከዝርዝሩ ሰርዙ።

ቴሌግራም

አዲስ አበባ ውስጥ የቢሮ ሥራ ግማሹ የሚሄደው በቴሌግራም ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ቴሌግራም ኮምፒውተር ላይ ስትገቡ፣ ገብታችኋል የሚለውን ማስረጃ አፕዳታ ውስጥ ቲዳታ የሚባል ፎልደር ላይ ያስቀምጣል። ፓስኮድ ካላደረጋችሁበት ያንን ፎልደር በፍላሽ ገልብጦ የሄደ ሰው፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ለጥፎ ቴሌግራማችሁን ሊከፍተው ይችላል። ኮድ ስልካችሁ ላይ አይመጣም። እንደ አዲስ መሣሪያም ላይታይ ይችላል፣ ምክንያቱም የተጠቀመው የእናንተኑ መግቢያ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሎካል ፓስኮድ። ይህ ሲበራ ስክሪኑን ብቻ አይደለም የሚቆልፈው፤ ቲዳታ ውስጥ ያለውንም በዚያው ኮድ ያመሰጥረዋል። የተገለበጠው ፎልደር ያለ ኮዱ አይከፈትም። ስለዚህ አራት ዜሮ ወይም የተወለዳችሁበት ዓመት አይሁን፤ ፊደልም ቁጥርም ቀላቅሉ። ኦቶ ሎክን አንድ ደቂቃ አድርጉት። ወዲያው ለመቆለፍ ኮንትሮልና ኤል በቂ ነው። ኮዱን ብትረሱ ወጥታችሁ በስልካችሁ እንደገና ትገባላችሁ፤ ቻታችሁ አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ፓስኮዱ የማይሸፍነው። የወረደ ፋይል ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚባል ፎልደር ላይ ይወድቃል፤ ሳይመሰጠር፣ እንደ ማንኛውም ፋይል። የጋራ አካውንት ላይ ይህን ፎልደር ከፍታችሁ እዩት። የባንክ ደረሰኝ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የድምፅ ፋይል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ነው። አድቫንስድ ውስጥ ግቡና ዳውንሎድ ፓዝ የሚለውን ወደ ቴምፕ ፎልደር ቀይሩት። ያኔ ከቴሌግራም ሎግ አውት ስታደርጉ ይጸዳል። ወይም ለእያንዳንዱ ፋይል ቦታ ይጠይቀኝ የሚለውን አብሩ። እዚያው አካባቢ ኦቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ አለ፤ ለግልም ለግሩፕም ለቻናልም አጥፉት። ዳታም ይቆጥባል።

ኖቲፊኬሽን ላይ የላኪውን ስምና የመልእክቱን ይዘት የሚያሳዩትን ሁለቱንም አጥፉ። አለቃችሁ አጠገባችሁ ቆሞ ኤክሴል እያያችሁ ሳለ በቀኝ ጥግ «ፍቅሬ ደረስክ?» የሚል ብቅ ሲል ማየት አትፈልጉም።

በመጨረሻ ስልካችሁን አውጡ። ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ። የማታውቁትን ወይም የረሳችሁትን ሁሉ ተርሚኔት አድርጉ። ለተወሰነ ጊዜ ካልተጠቀምኩ በራሱ ይውጣ የሚለውን አንድ ሳምንት አድርጉት። ከኮዱ በተጨማሪ ፓስዎርድ የሚጠይቀው ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ካልበራ አሁኑኑ አብሩት። ዋትስአፕ ዌብ የምትጠቀሙም ሊንክድ ዲቫይስስ ውስጥ ገብታችሁ እንዲሁ አጽዱ።

ክሮም

ክሮም ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ፕሮፋይል መክፈት የተለመደ ነው። ሥዕሉም ስሙም ለየብቻ ስለሆነ የተቆለፈ ይመስላል። አይደለም። አጠገቡ ያለ ሰው ሥዕላችሁን አንዴ ቢጫን ጂሜይላችሁ ይከፈትለታል። ፕሮፋይል ለማደራጀት ነው የተሠራው።

ከዚህ የባሰው ሲንክ ነው። በጋራው አካውንት ላይ በጂሜይላችሁ ገብታችሁ ሲንክ ካበራችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ያስቀመጣችሁት ፓስዎርድ ሁሉ እዚያ ይመጣል። ክሮም ፓስዎርዱን ለማሳየት የዊንዶውስን ፓስዎርድ ይጠይቃል። የዊንዶውሱ ፓስዎርድ ግን ሞኒተሩ ላይ ተለጥፏል። ማንም ባይጠይቀው እንኳ ክሮም ራሱ ገጹ ላይ ሞልቶ ሌላውን ሰው በስማችሁ ያስገባዋል።

የራሳችሁ የዊንዶውስ አካውንት ካላችሁ ይህ ሁሉ ብዙም አያስጨንቅም። ከሌላችሁ በጌስት ሞድ ተጠቀሙ። ፕሮፋይል ሥዕሉን ስትጫኑ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። ስትዘጉት ታሪኩም ኩኪውም ይጠፋል። ኢንኮግኒቶም ያው ነው፣ ግን ሁለቱም ላይ ያወረዳችሁት ፋይል ዳውንሎድስ ውስጥ ይቀራል። የቢሮው ኔትወርክ የትኛው ሳይት እንደገባችሁም ማየት ይችላል።

የቆየውን ለማጽዳት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት፣ ከዚያ ኦል ታይም። ልብ በሉ፦ ሲንክ እንደበራ ታሪክ ብታጠፉ ከስልካችሁም ይጠፋል። መጀመሪያ ሲንኩን አቋርጡ። ባንክ የሚመለከት ነገር በጋራ ኮምፒውተር ባትከፍቱ ይሻላል።

ዲ ድራይቭ

ሰው ሁሉ የሚወደውን ፋይል ዲ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ምክንያቱ ይገባኛል። ኮምፒውተሩ ቫይረስ በገባበት ቁጥር ፎርማት ይደረጋል፣ ሲ ይጠፋል፣ ዲ ይተርፋል። ግን ዊንዶውስ ለየሰው ለይቶ የሚጠብቀው ሲ ላይ ያለውን ዩዘርስ ነው። ዲ ላይ የተከፈተ ፎልደር፣ ካልነካችሁት በቀር፣ ኮምፒውተሩ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ያነበዋል፤ ይቀይረዋልም። የራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ ፋይሉን ዲ ላይ ከተዋችሁት ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ። በመጀመሪያ ኤዲት ብላችሁ የራሳችሁን አካውንት ስም ጨምሩና ፉል ኮንትሮል ስጡት። ይህ ይቅደም፤ ሌላውን ቀድማችሁ ካወጣችሁ ራሳችሁ ውጭ ትቀራላችሁ። ከዚያ አድቫንስድ፣ ዲሴብል ኢንሄሪታንስ፣ ያሉትን ፈቃዶች ወደ ቋሚ ቀይር የሚለውን ምረጡ። አሁን ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ እና ዩዘርስ የሚሉትን ሁለቱን አውጡ። ሲስተም እና አድሚኒስትሬተርስ የሚሉትን ተዉአቸው። ኦኬ ብላችሁ ውጡና በሌላ አካውንት ገብታችሁ ለመክፈት ሞክሩ። ፈቃድ የለህም ካለ ተሳክቷል።

ሴኩሪቲ የሚለው ጭራሽ ካልታያችሁ ድራይቩ ፈቃድ መስጠትና መከልከል በሚቻልበት ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ፎርማት የተዘጋጀ አይደለም ማለት ነው። ፍላሽ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታየው ለዚህ ነው።

አካውንት አይከፈትም ከተባላችሁ

«ሁሉም በአንዱ ይጠቀም» የሚል አለቃ አለ። ያኔ ሰቨን ዚፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ቀድሞ ተጭኖ የምታገኙበት ቢሮም ብዙ ነው። ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ሰቨን ዚፕ፣ አድ ቱ አርካይቭ። ፎርማቱ ሰቨን ዚ ይሁን። ፓስዎርድ አስገቡና የፋይል ስሞችንም አመስጥር የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ይህን ከረሳችሁ ይዘቱ ባይከፈትም «አዲስ ሲቪ» የሚለው ስም ለሁሉም ይነበባል። አንዴ ከፍታችሁ ከሞከራችሁት በኋላ ዋናውን በሺፍትና ዲሊት አጥፉ።

አንድ ወጥመድ አለው። ከአርካይቩ ውስጥ ፋይሉን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ስትከፍቱ፣ ዊንዶውስ ጊዜያዊ ፋይል በሚያስቀምጥበት ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ያልተቆለፈ ቅጂ ይፈጠራል። ስትጨርሱ ፋይሉንም ሰቨን ዚፕንም ዝጉ፣ ከዚያ ቴምፕን ተመልከቱና ቅጂው ቀርቶ ከሆነ አጥፉት። ፓስዎርዱ ከጠፋባችሁ ደግሞ ፋይሉ አለቀለት፤ የሚያስመልስላችሁ የለም።

ቬራክሪፕት የሚባለው ሌላ የፋይል መቆለፊያ ፕሮግራም ከዚህ የጠነከረ ነው፣ ግን ያለ አድሚን ፈቃድ አይሠራም። ኤክሴል ላይ ሺት መደበቅ ወይም ፕሮቴክት ማድረግን እንደ ቁልፍ አትቁጠሩት። ፋይል፣ ኢንፎ፣ ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስዎርድ የሚለው ግን እውነተኛ ነው።

የጋራው አካውንት ላይ የሚቀሩ ትናንሽ ዱካዎችም አሉ። የዊንዶውስ ቁልፍና ቪ ስትጫኑ የገለበጣችሁት ጽሑፍ በዝርዝር ከመጣ፣ ክሊር ኦል በሉት። ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን አንሱና ክሊር ተጫኑ። ፒክቸርስ ውስጥ ስክሪንሾትስ የሚለውን ፎልደር እዩ፤ ዊንዶውስ 11 ስክሪንሾታችሁን ሳይጠይቅ እዚያ ያስቀምጣል።

ሥራ ስትለቁ ወይም ኮምፒውተሩ ለጥገና ሲወጣ

የፎልደር ፈቃድ የሚሠራው ኮምፒውተሩ በራሱ ዊንዶውስ እስከተነሣ ድረስ ብቻ ነው። ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከተሰካ፣ እዚያ አድሚን የሆነ ሰው ይከፍተዋል። የተደለተም በሪከቨሪ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ዲስኩ በሙሉ በቢትሎከር፣ ማለትም በዊንዶውስ የራሱ የዲስክ መቆለፊያ፣ ከተቆለፈ ብቻ ነው ይህ የማያሳስበው፤ ቢትሎከርን የሚያበራው ደግሞ አድሚን ነው፣ ዊንዶውሱም ቢያንስ ፕሮ መሆን አለበት።

ስለዚህ ክሊራንስ ከመዞራችሁ ቀደም ብላችሁ የግል ፋይላችሁን ውሰዱ። ከቴሌግራም ሎግ አውት አድርጉ፤ መስኮቱን መዝጋት መውጣት አይደለም። ክሮም ላይ ፕሮፋይላችሁን ዲሊት አድርጉ። አድሚኑ የዊንዶውስ አካውንታችሁን ከነፋይሉ እንዲያጠፋ ጠይቁ። ከዚያ ስልካችሁ ላይ ቴሌግራም ዲቫይስስ ውስጥ፣ ጉግል አካውንታችሁ ላይ ደግሞ ሴኩሪቲ፣ ዩር ዲቫይስስ ውስጥ ግቡና የቢሮው ኮምፒውተር ከሁለቱም ዝርዝር መውጣቱን እዩ። እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተጽፈው የሚያውቁ ፓስዎርዶችን ማታ ቤት ገብታችሁ በስልካችሁ ቀይሩ፣ ከጂሜይሉ ጀምሩ፤ የሌሎቹ ሁሉ መቀየሪያ ሊንክ የሚላከው ወደ እሱ ነው።